በሩን ክፈቺው

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ መለሰ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ ቀለል አለልዎ? ሐኪሞቹስ ምን አሉ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ደብዳቤዎ በሾፌሩ በአሻግሬ የጭነት መኪና ከደሴ መጥቶ ደርሶኛል። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስንፍና ይዞኝ አይደለም፤ «እሺ» ብዬ ለመጻፍ ፈርቼ ነው።

አሁን እሺ ብያለሁ። ባለፈው እሑድ የመናፈሻው ረዳቶች ማኅበር አባል ሆኛለሁ። የስልሳ ልጅ ደብተር እያረምኩ መቼ ችግኝ እንደማጠጣ እንጃ። ግን እርስዎም አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ትምህርት ቤት እያስተማሩ ነው ያንን ድንጋያማ ተዳፋት የሕዝብ የዕፀዋት መናፈሻ ያደረጉት፤ ስለዚህ ምክንያት ማቅረብ አፈርኩ።

የተሰበሰብነው አያ ጀብሪል ሱቅ ውስጥ፣ የአቡጀዲ ጣቃ ላይ ተቀምጠን ነው። እርስዎ ለሕክምና ከሄዱ ወዲህ ሊቀ መንበሩ እሱ ሆኗል። አምስት ብቻ ነን፦ እሱ፣ ሚስቱ ሀጀራ፣ መድኃኒት አዋቂዋ እትዬ ብርሀንነሽ፣ ዘበኛው በላይ፣ አሁን ደግሞ እኔ። አያ ጀብሪል ሲቀበለኝ፣ «እዚህ ማኅበር ሹመት የለም፣ ደመወዝ የለም። ወላሂ ያለው ድካም ብቻ ነው። ግን የደከምሽለት ነገር ሲያድግ ታዪዋለሽ፤ ይኼ ደግሞ ለማንም አይሰጥም» አለኝ።

ያሉኝን ሥራ ጀምሬአለሁ። ለመቶ አሥራ ሁለቱም ዕፀዋት ስማቸውንና ጥቅማቸውን በሳንቃ ላይ እየጻፍኩ እተክላለሁ። ስምንቱን መርዛሞች እንዳዘዙኝ በቀይ ጻፍኳቸው። ቀይ ቀለም ስለጠፋ ሀጀራ የክር ማቅለሚያ በጥብጣ ነው የሰጠችኝ፤ ዝናብና ፀሐይ ይችል እንደሆን አላውቅም።

አንድ የምጠይቅዎ አለ። ከብት እየገባ ችግኝ ይቀነጥሳል። እንጠረው ወይ? በር ይኑረው?

ልጅዎ እታገኘሁ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ለእታገኘሁ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ማኅበሩ ውስጥ መግባትሽን ሳነብ አጠገቤ ለተኛው ሰውዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ከጎንደር ነው የመጣው፤ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

ስለ ሳሌ ጠይቀሽኛል። የምተኛበት ክፍል መስኮቱ ሰፊ ነው። አንድ የጥድ ዛፍ ይታየኛል።

እጠሩት። በርም ይኑረው። ነገር ግን በሩ ለከብት ነው፤ ለሰው አይዘጋም። ጠፍ መሬቱን እንዲሰጡኝ ስለምን ለሹማምንቱ የተናገርኩት «ሀብታምም ደሀም፣ እስላምም ክርስቲያንም ገብቶ የአገሩን ተክል ስም የሚማርበት» ብዬ ነው። የተዘጋ እንደሆነ ዋሽቻለሁ ማለት ነው።

ከድንቹና ከሽንኩርቱ መደብ በስተጀርባ፣ በወይራው ሥር ያለችውን ቦታ አደራ። አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ የሰጠኝ ሐምራዊ አበባ አለባት። ቅጠሉ ከስሞ ባዶ መሬት ሲመስል እንዳትደነግጪ፤ ሥሩ ከመሬት በታች ደኅና ተኝቷል። ጥቅምት ላይ ያለ ቅጠል፣ ከራቁት አፈር ውስጥ ብድግ ብሎ ያብባል። በዕድሜዬ እንደሱ ያለ ቀለም አላየሁም። ሥሩ ሽንኩርት ስለሚመስልና መርዝ ስለሆነ ቀይ ሰሌዳው አይለየው። ሲያብብ ጻፊልኝ።

አባትሽ መለሰ

*

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 19 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለጋሼ መለሰ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፈው አንድም መልስ ስላልላክሁልዎ እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ስለ ዝናቡ ጠይቀዋል። በልግ አልዘነበም። ክረምቱም ሐምሌን አስመስሎ ጀመረና ተወን። እኛ ደጋዎቹ ትንሽ ገብስ እናይ ይሆናል። የበሽሎ ቆላ ግን ምንም የለው። ከዚያ ወዲያ ካለው አገር ደግሞ ሰዉ በየመንገዱ እየወደቀ መጥቶ ከተማው ሞልቷል። ገበያው ጠርዝ ላይ ተኝተው ያድራሉ፤ ሲነጋ የማይነሡ አሉ። ልጆቼን ፊደል ሳስቆጥር በመስኮት ያዩናል፤ አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያያሉ።

አያ ጀብሪል በየቀኑ አንድ በርሜል ንፍሮ ያስቀቅላል። «ሰደቃ ነው» ይላል። ሀጀራ ናት የምታድለው፤ እጇ ተልጧል። እትዬ ብርሀንነሽ የቻለችውን መድኃኒት ትሰጣለች። «ለረሀብ ምን ቅጠል አለው?» ብላ አንድ ቀን ስታለቅስ አየኋት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ እጄ ያፍራል። «የመንግሥት እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ መንገዱ ይጽዳ፣ ለማኝ ከዓይን ይራቅ፣ መናፈሻው አምሮ ይታይ» የሚል ትእዛዝ ወጣ። በሩ ላይ ቁልፍ ተደረገ። ቁልፉን እኛ አባላቱ ተራ በተራ እንይዛለን። በላይ ዱላ ይዞ ይጠብቃል። ውስጥ ጎመኑ፣ ሳማው፣ ድንቹ አለ፤ ምንጩ ስላልደረቀ አረንጓዴ ነው። ውጭ ደግሞ እነሱ አጥሩን ይዘው ቆመዋል። ትናንት በእኔ ተራ አንዲት እናት ልጇን በአጥሩ ቀዳዳ ልታስገባ ስትሞክር በላይ መለሳት። እኔ ዛፍ አጠጣ ነበር። ቀና አላልኩም።

የእርስዎ የእጅ ሥራ ነው። እንክፈተው ወይ? እንግዶቹ አልመጡም፤ በየሳምንቱ «ይመጣሉ» ነው።

እታገኘሁ

*

አዲስ አበባ፣ መስከረም 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህ ጥያቄ ነው ወይ? ክፈቺው! በሩን ክፈቺው!

ተክል ተመልሶ ይበቅላል። እኔ የተከልኩትን ሌላ ሰው ይተክለዋል። ድንቹንም ጎመኑንም ሥሩንም ቅጠሉንም ይብሉት፤ ዛፉንም ቆርጠው ይሙቁት። የሚጠይቅሽ ሹም ቢኖር «መለሰ አዘዘኝ» በዪ፤ እኔ እዚህ ነኝ፣ ምን ያደርገኛል? ቀይ የተጻፈባቸውን ብቻ እንዳይነኩ ንገሪያቸው፤ ሌላው የእነሱ ነው።

እዚህ ከተማ ሰው ሠርግ ይደግሳል። ስለ ወሎ የሚናገር ተማሪ አንድ ሁለት አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እኔ ደግሞ አልጋ ላይ ነኝ።

ስለ ጤናዬ ሌላ ጊዜ።

መለሰ

*

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለጋሼ መለሰ፣

እንደምን አሉ? እኔ ደኅና ነኝ።

እንዳዘዙኝ በሩን ከፍቻለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ የሚበላ ነገር አልቀረም። ጥድና ወይራው ቆሟል። የሚቆጣ ሹምም አልመጣም።

ስለ ሐምራዊው አበባ እንዳይጠይቁኝ እለምንዎታለሁ።

እታገኘሁ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1966 ዓ.ም.

ልጄ እታገኘሁ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ስድስት መስመር ጻፍሽልኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ፤ አንድ ገጽ ጻፉ ስል ሦስት ገጽ የምትጽፊ ልጅ ነበርሽ።

ምን ሆነሻል? አሞሻል? በላይ ተማታ? ከአያ ጀብሪል ጋር ተጣላችሁ? አበባው ከሆነ የጠፋው ግድ የለኝም፤ አልቆጣሽም። የተነቀለ ከሆነ ተነቅሏል በዪኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ «እንዳይጠይቁኝ» ያልሽው ቃል ነው። ሽማግሌ በሽተኛ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ነገር የለውም፤ አንድ ቃል ይዞ ይውላል። አታስጨንቂኝ።

አባትሽ መለሰ

*

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 3 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለጋሼ መለሰ፣

አልተቀየምኩዎትም። ላለመጻፍ ብዙ ታገልኩ። አሁን የመጣው ይምጣ ብዬ ልጽፈው ነው። ሰው አጠገብዎ ካለ ይህን ጮኸው እንዳያነቡት።

«ክፈቺው» የሚለው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥቅምት 6 ቀን ማታ ነበር። ደስ አለኝ። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ደስ ብቻ አለኝ። በነጋታው ተረኛዋ እኔ ስለሆንኩ ጎሕ ሲቀድ ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። በላይ፣ «ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። «ጋሼ መለሰ» አልኩት። ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ዞር አለ፤ እሱም የሰለቸው ይመስለኛል።

ሰዉ ይንጋጋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማን አቅም አለው? ቀስ እያሉ ገቡ። የበሩን መቃን ተሳልመው የገቡ አሉ።

አንዲት ወርቂቱ የምትባል የበሽሎ ሴት ነበረች። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራለች። ሁለት ወንዶች ልጆችና ንግሥቴ የምትባል አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት ልጅ ነበሯት። ወደ እኔ መጣችና፣

«እታለም፣ የቱ ነው የሚበላው? የእናንተን አገር ቅጠል አላውቀውም» አለችኝ።

«ጎመኑም ድንቹም ሽንኩርቱም ይበላል። ቀይ የተጻፈበትን ብቻ እንዳትነኪ፤ መርዝ ነው።»

«እኔ መች ማንበብ አውቃለሁ።»

«ማንበብ አያስፈልግም። ቀይ ካየሽ እለፊው።»

«ቀይ ካየሁ እለፈው» ብላ ደገመችልኝ፤ ልክ እንደ ተማሪ።

ከዚያ ደወል ሲደወል ሰማሁና ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳልፍ ከወይራው ሥር በቆርቆሮ ጣሳ እየቀቀለች አየኋት። ከሩቅ እጇን አነሣችልኝና፣ «እግዜር ይስጥሽ እቴ! ሽንኩርቱ ሳይቀር!» አለችኝ። የሽንኩርቱ መደብ እዚያው አጠገብ ነው። «ብሉ፣ ብሉ» አልኳት። ብሉ ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማስመለስና ማስቀመጥ ያዛቸው። ከተማው ውስጥ በዚህ የታመመ ብዙ ስለነበረ ማንም አልገረመውም። እትዬ ብርሀንነሽ ጤና አዳምና ውኃ ይዛ አብራቸው ዋለች። በሦስተኛው ቀን ታላቅየው፣ በዚያው ቀን ማታ ታናሽየው፣ በአራተኛው ቀን ወርቂቱ ሞቱ። ንግሥቴ ተረፈች። በሩ በተከፈተበት ቀን ጠዋት ሀጀራ ንፍሮ አብልታት ስለነበር ከጣሳው ሁለት ጉርሻ ቀምሳ እንቢ ብላ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ እትዬ ብርሀንነሽ ቤቴ ገባችና በሩን ዘጋች። መዳፏን ከፈተችልኝ። ከጣሳው አጠገብ ያገኘችው ልጣጭ ነበር፤ አብሮት የደረቀ ሐምራዊ የአበባ ቅጠል አለ።

«ይኼ ላይ ቀይ ሰሌዳ አልነበረም ወይ?» አለችኝ።

ስምንቱም ቀይ ሰሌዳዎች ከኋላዋ፣ ግድግዳዬን ተደግፈው ነበር። እንግዳ ይመጣል ስለተባለ፣ የሀጀራም ማቅለሚያ ስለለቀቀ፣ በሩን ከመክፈቴ ሁለት ቀን በፊት ነቅዬ ላድሳቸው አምጥቻቸው ነበር። አድሼአቸው ይደርቁ ነበር። ያን ጠዋት ቁልፉን ሳነሣ በአጠገባቸው ነው ያለፍኩት። ቀይ ካየሽ እለፊው እያልኩ ሳስተምራት፣ ጋሼ፣ በመናፈሻው ውስጥ አንድም ቀይ ነገር አልነበረም።

እትዬ ብርሀንነሽ አየቻቸው፤ እኔንም አየችኝ። «ዝም በይ» አለችኝ። «ተናግረሽ ማንን ታስነሺያለሽ?» ይኸው ዝም ብያለሁ። አያ ጀብሪልና ሀጀራ ምንም አያውቁም። ልጅ ስላልነበራቸው ንግሥቴን ወስደዋታል። ሀጀራ ጸጉሯን ስታበጥራት አያለሁ። ቤታቸው ስሄድ ንፍሮ ያቀርቡልኛል፤ እበላለሁ።

ዛሬ ሬዲዮኑ አዲስ አበባ ሰው ተነሥቷል፣ ሚኒስትሮች ወረዱ ይላል። ልጆቼ ይዘፍናሉ። እኔ ምንም አይሰማኝም።

እታገኘሁ

*

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1966 ዓ.ም.

ልጄ፣

ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አንቺ የማታውቂው አለ። ፈረንጁ ያንን ተክል ሲሰጠኝ፣ «አንዱ ሥር ሰው ይገድላል፤ ሕፃን ካለበት አትትከለው» ብሎኛል። ለውበቱ ስል ተከልኩት። ይህ አንድ ነው።

ሁለተኛውን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። «በሩን ክፈቺው» ብዬ ስጽፍልሽ አበባው ትዝ ብሎኝ ነበር። ብዕሬን ይዤ ቆሜአለሁ። «መጀመሪያ ሐምራዊውን ነቅለሽ አቃጥዪ» ብዬ ልጽፍ ነበር። ሳሳሁለት። የሚያብብበት ወር ደርሷል፤ ሰሌዳ አለው፤ ምን ይሆናል አልኩ። ዛፉን ቆርጠው ይሙቁት ያልኩ ሰውዬ ለአንድ መደብ አበባ ሳሳሁ። አንቺ ሰሌዳ ረሳሽ። እኔ አልረሳሁም። ልዩነታችን ይህ ነው።

ሥር የቀረ እንደሆነ አውጥተሽ አቃጥዪው።

ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። አንደኛው ሳንባዬ ሞቷል። ሌላው ይከተላል። ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር። ተይው፣ አሁን የምደብቅበት ምክንያት አላገኘሁም።

መለሰ

*

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 9 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለጋሼ መለሰ፣

ከዓመት በላይ የበዓል ሰላምታ ብቻ ስንለዋወጥ ቆይተን በዚህ ነገር ስለመጣሁብዎ ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሥሩን እንዳሉኝ ቆፍሬ አቃጥዬው ነበር። አመድ ሆኖም አልተወንም። የመሬት አዋጁ ከታወጀ ወዲህ አዲስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ በረሀቡ ጊዜ ሕዝቡን ማን እንደበደለ ይመረምራል። በላይን ጠሩት። ሰው በዱላ መልሷል ተብሎ ተከሶ ነበርና ፈራ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁ፤ አለቃዬ ጀብሪል ነው፤ ደግሞም ሰው በመናፈሻው መርዝ ሞቷል» አላቸው። ልጣጩን እሱም አይቶ ኖሯል።

ትናንት አያ ጀብሪልን ከሱቁ ወሰዱት። «ነጋዴው ደሀውን በመርዝ ፈጀ፤ በርሀብ ዘመን አበባ ያሳድግ ነበር» ይላሉ። ያ ሁሉ በርሜል ንፍሮ ተረሳ፤ ንፍሮውን የበሉት ወይ ሞተዋል ወይ አገራቸው ገብተዋል። ሀጀራ ንግሥቴን አዝላ እኔ ዘንድ መጥታ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ጠይቂልኝ፤ የምን መርዝ ነው የሚሉት?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት።

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ እውነቱን ልናገር ወይ? ይምከሩኝ። ያሉኝን አደርጋለሁ። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

እታገኘሁ

*

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1967 ዓ.ም.

ልጄ እታገኘሁ፣

ይህን የሚጽፍልኝ አጠገቤ የተኛ ልጅ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ስናገርም ቶሎ ይደክመኛል።

ዝም በዪ።

እንዲህ ብዬ አስተምሬሽ አላውቅም፤ ዕወቂልኝ፣ እያፈርኩ ነው። ጊዜው አብዷል። ያበደ ጊዜ እውነት አይሰማም። ጀብሪል ዘመድ ያለው፣ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ሽማግሌ ገብቶ ያስፈታዋል። አንቺ ግን ብቻሽን ነሽ። አንቺንም እሱንም ከማጣ አንዳችሁ እንኳ ትረፉልኝ። ተክሉ የኔ መሆኑን፣ የመከፈቱን ትእዛዝ የሰጠሁ እኔ መሆኔን በራሴ ፊርማ አረጋግጬ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። እሱን ስጫቸው። ከሞት አፋፍ ያለ ሰው ምን ያደርጉታል? የራስሽን ስም ግን አታንሺ።

እምቢ አትበዪኝ።

አባትሽ መለሰ

*

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 16 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለጋሼ መለሰ፣

ይህን የሚያነብልዎ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ። በሕይወት ካሉ ማለቴ ነው። በመስከረም የጻፉልኝ «ነገሩ እንዴት ሆነ?» የሚለው አጭር ወረቀት ደርሶኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልሰማሁም።

ምክርዎ ሲደርሰኝ ነሐሴ ገብቶ ነበር። ከሃምሳ ቀን በላይ ምክርዎን እጠብቃለሁ እያልኩ ዝም ብያለሁ፤ እውነቱን ልንገርዎና የጠበቅሁት «ዝም በዪ» እንዲሉኝ ነበር። ሲሉኝ ግን አስጠላኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልታዘዝኩዎትም።

ወረቀትዎን ይዤ ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። ጸሐፊው ከእኔ የሚያንስ ወጣት ነው። የእርስዎን ወረቀት አየና፣ «አዲስ አበባ ያለ ሰው እኛን አይመለከተንም» ብሎ ወደ ጎን አደረገው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሰሌዳዎቹን፣ ቁልፉን፣ «ብሉ» ማለቴን። እሱ ይጽፋል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«የጭሰኛ ልጅ።»

«እንግዲያው አንቺም ተበዳይ ነሽ። ነጋዴው መሣሪያ አድርጎሽ ነው።»

«አላደረገኝም። አያ ጀብሪል በሩ መከፈቱን እንኳን የሰማው ማታ ነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ግድ የለም፣ ጓዲት። ቃልሽን ጽፈናል።»

በሦስተኛው ቀን ገበያው ላይ ሕዝብ ሰበሰቡ። ቃሌ ተነበበ። «አስተማሪዋ እንደመሰከረችው፣ ነጋዴው ጀብሪል የሚመራው ማኅበር የመርዙን ምልክት አስነሥቶ…» ይላል። «ዋሽታችኋል!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ አያ ጀብሪልንና ማኅበሩን «ዋሾ» ያልኩ መስሎት ደግፎኝ አጨበጨበ። አያ ጀብሪል እጁን ታስሮ መድረኩ ሥር ቆሟል። ግንባሩ ላይ ቁስል አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ፈልጎ አየኝ። እንደሚረግመኝ ጠበቅሁ።

«አብሽሪ» አለኝ። «አብሽሪ፣ እታገኘሁ።»

በማግስቱ በጭነት መኪና ደሴ ወሰዱት። ከአንድ ወር በኋላ ልብሱ ብቻ ተመለሰ። ሞቷል ብሎ የነገረን ሰው የለም፤ ጋቢው፣ ኮፍያውና ጫማው ናቸው የመጡት። ሀጀራ ጋቢውን አሸተተችና ቁጭ አለች።

በዚያው ቀን ሁሉንም ነገርኳት። ጋቢውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው። በኋላ፣

«ጸጉሯን ሳበጥራት ታዪኝ ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«ቤቴ ትበዪ ነበር።»

«አዎ።»

«ያኔ ነግረሽን ቢሆን እሱ ምን ይልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ? አብሽሪ ነበር የሚልሽ። ከዚያ ደግሞ አንድ መላ ያበጅ ነበር። ጊዜ ነበረው እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረው።»

አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። ጠዋት ንግሥቴን በአንድ እጇ፣ የልጅቷን ልብስ የቋጠረችበትን ነጠላ በሌላ እጇ ይዛ ደጄ መጣች። «እሷን ሳይ እሱን ነው የማየው፤ አንቺንም ነው የማየው። አልቻልኩም» ብላ አስረከበችኝ። ከዚያ ደጎሎ ወዳሉት ወገኖቿ ሄደች። ሱቁ ታሽጓል።

ስለ መናፈሻው ጠይቀዋል። የገበሬ ማኅበሩ ተካፍሎታል። ወይራውና ጥዱ ለማገዶ ተቆረጠ። ከምንጩ ወዲህ ባለው ላይ ገብስ ተዘርቷል፤ ጥሩ ገብስ ነው። እትዬ ብርሀንነሽ አሁንም መድኃኒት ትቀምማለች፤ ቤቴ ግን አትመጣም። ማኅበሩ የለም። አባል የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ብል ይሻላል።

ያስተምሩን ነበር፣ ሰው ጥፋቱን ሲናገር ሸክሙ ይቀልለታል እያሉ። ለልጆቼም እንደዚያ ብዬ አስተምሬአለሁ። አሁን አላስተምርም። ተናገርኩ፤ ሰው ሞተበት። ዝም ብል ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ እያልኩ አድራለሁ፤ ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በእርግጥ ይተርፍ ነበር።

ንግሥቴ ሰባት ዓመት ሊሆናት ነው። ጸጥ ያለች ልጅ ናት፤ እናቷንም ወንድሞቿንም አያ ጀብሪልንም ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ምግብ ሳቀርብላት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ይበላል?» ትለኛለች። ሀጀራ ቤት ሳለች አትጠይቅም ነበር አሉ። «ይበላል» ማለት አይበቃትም። እኔ ቀድሜ እጎርሳለሁ። እስክውጥ አፌን ታየኛለች። ከዋጥኩም በኋላ ትቆያለች፤ ፊቴን እያየች፣ እንዳልወድቅ እየጠበቀች። ዛሬ ጠዋት ገንፎ ሠርቼላት ነበር። ቀዘቀዘ። ብርድ ነው፣ ብይ እንጂ አልኳት።

«ትንሽ እንቆይ» አለችኝ።

እታገኘሁ